መኪናው «ኳ» ሲል፦ የፒክ አፕን የሻፍት፣ የክሮቼራና የዲፈረንሻል ችግር እንዴት እንለያለን?

አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለችኝ ደብል ጋቢና ፒክ አፕ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ከሥሬ «ኳ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ «ኳ»፣ መልሼ ስረግጥ ደግሞ «ኳ»። ደጀን እስክንደርስ ድረስ ባለቤቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ዝም አልኩ።

አዲስ አበባ ስንመለስ የወሰድኳት ጋራዥ መኪናዋን ዙሪያዋን አየና ፍርዱን ሰጠ፤ «ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ሙሉውን መቀየር ነው»። የተጠየቅሁት ገንዘብ ለልጄ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ብዬ ካስቀመጥኩት ይበልጥ ነበር። ይግባኝ ማለት የሙያ ልማዴ ነውና ወደ ሌላ ሰው ሄድኩ። በዕድሜ ገፋ ያሉ መካኒክ ናቸው። ኮፈን አልከፈቱም፣ ከሥሯም አልገቡም። «ወንድሜ፣ መቼ መቼ ነው የምትጮኸው?» ብለው ጠየቁኝ። ስመልስላቸው ሌላ ጥያቄ አስከተሉ። ከዚያ አብረን ነዳናት፤ ቀጥለው ከሥሯ ገብተው ሻፍቱን በእጃቸው አወዛወዙት። የተገኘው አንድ ያለቀ ክሮቼራና ግሪስ የደረቀበት የሻፍት ጥርስ ነበር። የከፈልኩት መጀመሪያ ከተጠየቅሁት አንድ አሥረኛውን አይሞላም።

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያውን ጋራዥ ለመክሰስ አይደለም። ምናልባት ባለሙያው ከልቡ አምኖበት ይሆናል። ችግሩ ፍርዱ ከምርመራው መቅደሙ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። መለዋወጫ ከውጭ ስለሚመጣ አንድ የተሳሳተ ፍርድ ዛሬ የአንድን ቤተሰብ የወራት ቁጠባ ይበላል። በሌላ በኩል «ይጩህ፣ እስካሁን ይሄድ የለ» ብሎ መተውም ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ አንባቢ መካኒክ ባይሆንም እንኳ ድምፁን አዳምጦ ለመካኒኩ በትክክል ማስረዳት መቻል አለበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ከሥሩ እንጀምር።

ድምፁ ለምን ይፈጠራል?

ከሞተሩ የሚወጣው ኃይል በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል። በፎር ባይ ፎር መኪና ከካምቢዮው ኋላ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ሌላ ሳጥን አለ። ከዚያ ኃይሉ ሻፍት በምንለው ረጅም የብረት ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል። የኋላው ዲፈረንሻል ይህን ዙር በ90 ዲግሪ አጥፎ ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍለዋል።

በተለመዱት የሥራ ፒክ አፖች፣ ለምሳሌ በቶዮታ ሃይሉክስና በአይሱዙ ዲማክስ፣ የኋላው አክስል በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር አክስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ካምቢዮው ግን ከሻንሲው ጋር ታስሮ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሻፍት ሁለት ነገር መቻል አለበት። አንደኛ፣ ማዕዘኑን መለወጥ፤ ይህን የሚያደርግለት ክሮቼራ ነው። ሁለተኛ፣ ርዝመቱን መለወጥ፤ ይህ ደግሞ አንዱ በሌላው ውስጥ በሚንሸራተት ጥርስ ባለው ጫፍ ይፈጸማል። ረጅም በሆኑ ፒክ አፖች ላይ ሻፍቱ ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ላይ በጎማ በተሸፈነ ኩሽኔታ ይደገፋል።

ክሮቼራ የሚለው የጋራዥ ቃል ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን የመስቀልን ቅርጽ ያመለክታል። አራት ጫፎች ያሉት ትንሽ ብረት ነው። እያንዳንዱ ጫፍ እንደ መርፌ በቀጠኑ ብረቶች በተሞላ ቆብ ውስጥ ይሽከረከራል። ግሪሱ ሲደርቅ ወይም ውኃና አቧራ ሲገባበት መርፌዎቹ ብረቱን ይቆፍሩታል፤ ክፍተትም ይፈጠራል።

አሁን ወደ «ኳ» እንምጣ። ነዳጅ ስንሰጥ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፤ የእያንዳንዱ ጥርስ አንዱ ፊት በሌላው ላይ ይደገፋል። እግራችንን ስናነሳ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎማው ሞተሩን ይገፋል፣ ጥርሱም ወደ ሌላኛው ፊቱ ይዞራል። በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ሲዘጋ ብረት ከብረት ይጋጫል። ጥርስ ያለ ጥቂት ክፍተት አይሠራምና ትንሽ ክፍተት በአዲስ መኪናም አለ። ዋናው ቁም ነገር ክፍተቶቹ የሚደመሩ መሆናቸው ነው። ከካምቢዮው ትንሽ፣ ከክሮቼራው ትንሽ፣ ከተንሸራታቹ ጥርስ ትንሽ፣ ከዲፈረንሻሉ ትንሽ ተሰብስቦ አንድ ትልቅ «ኳ» ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጆሮ ድምፁን ከዲፈረንሻሉ የመጣ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። ባዶው የብረት ቱቦም ድምፁን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

ሐሰተኛ ምስክሮችን አስቀድሞ ማሰናበት

ሻፍቱን ከመጠርጠር በፊት አምስት ደቂቃ የማይፈጁ ነገሮችን ይመልከቱ።

የጎማ ዳዶዎች፦ ከሁሉም በፊት ይህን ይፈትሹ። ጎማ ተፈትቶ ከተገጠመ ወይም ከጎሚስታ ከተመለሰ በኋላ የጀመረ ድምፅ ከሆነ ዳዶው ላልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጎማው በመንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል።

የተቀመጠ ዕቃ፦ በወንበር ሥር ወይም ከወንበር ኋላ ያለው ክሪክ፣ የመፍቻ ከረጢቱ፣ ከጭነት ሳጥኑ ሥር የተሰቀለው መለዋወጫ ጎማ። ማሰሪያቸው ሲላላ ነዳጅ ስንሰጥና ስንነሳ ልክ እንደ ሻፍት «ኳ» ይላሉ።

የጭስ ማውጫ ቱቦ፦ መስቀያ ጎማው ከተበጠሰ ሻንሲውን ወይም አክስሉን ይመታል።

የፍሬን ሸራ፦ ወደ ኋላ ከሄዱ በኋላ ወደ ፊት ሄደው የመጀመሪያውን ፍሬን ሲይዙ አንድ ጊዜ ብቻ «ኳ» ካለ፣ ሸራው በመቀመጫው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል።

መቼ ነው የሚጮኸው?

መካኒኩ የጠየቁኝ ይህን ነው፤ የምርመራው ግማሽም ይኸው ነው። ድምፁ የሚሰማበት ጊዜ ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ወረቀት ይዘው ለሁለት ቀን ያህል ይመዝግቡ።

1. ነዳጅ ሲሰጡና ሲያነሱ፣ በየትኛውም ፍጥነት። ክፍተት ያለው ኃይል በሚያስተላልፈው መስመር ላይ ነው ማለት ነው። በቅድሚያ የሚጠረጠረው ክሮቼራው ሲሆን ቀጥሎ ተንሸራታቹ ጥርስ፣ ከዚያ ዲፈረንሻሉ ይመጣል።

2. ቆመው ሲነሱ፣ ወይም ሊቆሙ ሲሉ መጨረሻው ላይ አንድ ጊዜ። ይህ የተንሸራታቹ ጥርስ የተለመደ ምልክት ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው አፍንጫ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ስለሚል ሻፍቱ ርዝመቱን ይለውጣል። ሲቆም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ግሪሱ ደርቆ ከያዘው በኃይል ተላቆ «ኳ» ይላል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ግሪስ ነው። ባሌስትራው ከአክስሉ ጋር በደንብ ካልታሰረም ተመሳሳይ ድምፅ ይሰማል።

3. ከፊት ማርሽ ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀይሩ። የኃይሉ አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ስለሚገለበጥ የሁሉም ክፍተት ድምር እዚህ ላይ ጎልቶ ይሰማል። በአውቶማቲክ መኪና ደግሞ ሞተሩ ቆሞ የሚዞርበት ፍጥነት ከልክ በላይ ከፍ ካለ ጤነኛውም መኪና ይደነግጣል። የሞተርና የካምቢዮ መደገፊያ ጎማዎች ሲቀደዱም በዚሁ ጊዜ ይጮኻሉ።

4. በዝግታ ሲነዱ «ጭር ጭር» የሚልና ከፍጥነት ጋር የሚፈጥን ድምፅ። ክሮቼራው መድረቁን የሚናገርበት የመጀመሪያ ቃሉ ነው። «ኳ» የሚመጣው በኋላ ነው። በዚህ ደረጃ የሰማ ሰው በርካሽ ይገላገላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

5. መሪ ሲያዞሩ። ራሱን የቻለ የፊት እግር ባላቸው ፎር ባይ ፎር ፒክ አፖች መሪው ብዙ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከፊት ጎማ መገጣጠሚያ ይመጣል። ድምፁ ከኋላ ከሆነና በጠባብ መታጠፊያ ላይ የሚሰማ ከሆነ ግን በዲፈረንሻሉ ሆድ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ይጠረጠራሉ።

6. በኮብልስቶንና በጉድጓድ ላይ ብቻ፣ ነዳጅ ቢሰጡም ባይሰጡም። ይህ የኃይል ማስተላለፊያው ጉዳይ አይደለም። የባሌስትራ ጎሚኒ፣ አሞርዛተር፣ ቴስቲና ወይም ሌላ የእግር ክፍል ነው። በዚህ ድምፅ ምክንያት ዲፈረንሻል የሚቀይር ሰው ጥርሱን ታሞ ዓይኑን እንደሚታከም ያለ ነው።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ። በብዙ ፒክ አፖች ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ በዝግታ ሲነዱ ድምፁ በጎማው አንድ ዙር አንድ ጊዜ ከመጣ ጎማውን፣ ፍሬኑን ወይም የጎማውን ኩሽኔታ ይፈልጉ። አራት ጊዜ ያህል ከመጣ ግን ጣትዎን ወደ ሻፍቱ ይቀስሩ።

በእጅ የሚደረግ ፍተሻ

ቀጥሎ ያለውን መካኒክ ቢሠራው ይመረጣል፤ እርስዎ ግን አጠገቡ ቆመው ማየት ይችላሉ። መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ፒክ አፕ ከመሬት ከፍ ስለሚል ለአብዛኛው ፍተሻ ማንሳትም አያስፈልግም።

አንደኛ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝና ማርሹ ፎሌ ይደረግ። ከዲፈረንሻሉ አጠገብ ያለውን የሻፍት ጫፍ በሁለት እጅ ይዞ ወዲያና ወዲህ ማዞር ነው። እዚህ ላይ ዓይን ከእጅ ይበልጣል። ሻፍቱ እየዞረ በክሮቼራው ማዶ ያለው ብረት ባለበት ከቆመ ጥፋቱ የክሮቼራው ነው። ሁለቱም አብረው ጥቂት ዞረው ከቆሙ ክፍተቱ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው። ትንሽ መዞር የሚጠበቅ ነው። በጎማው ዘንግ ላይ ያለች ጥቂት ክፍተት በሻፍቱ ላይ አራት እጥፍ ያህል ሆና ስለምትታይ ወዲያው አንደንግጥ።

ሁለተኛ፣ ሻፍቱን በእያንዳንዱ ክሮቼራ አጠገብ ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት። ጤነኛ ክሮቼራ በዚህ አቅጣጫ በእጅ የሚሰማ እንቅስቃሴ የለውም። ጥቂትም ቢሆን ከተሰማ አልቋል። በቆቦቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ ግሪሱ ማለቁን ይናገራል። ሻፍቱ ሲወልቅ ክሮቼራው በአንድ ቦታ ላይ ያዝ የሚያደርግ ከሆነም ይቀየራል።

ሦስተኛ፣ በተንሸራታቹ ጫፍ ላይ ውጪኛውንና ውስጠኛውን ብረት በተቃራኒ አቅጣጫ ማዞር። ጥርሱ ከተበላ በግልጽ ይወዛወዛል። ካልተወዛወዘና ድምፁ በመቆምና በመነሳት ላይ ብቻ ከሆነ ግሪስ ሞልቶ መሞከር ብልህነት ነው።

አራተኛ፣ ሻፍቱ ባለ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የመሃሉን ኩሽኔታ ከሥር ወደ ላይ መግፋት። የያዘው ጎማ ጥቂት መለጠጡ ጤነኛ ነው፤ ተቀድዶ ከሆነ ግን በሚነሱበት ጊዜ ሻፍቱ ዘልሎ ወለሉን ይመታል።

አምስተኛ፣ ሻፍቱ ከዲፈረንሻሉ ጋር የታሰረባቸውን አራት ቡሎኖች ማጥበቅ። ከዚያ ሻፍቱ የታሰረበትን የዲፈረንሻል አንገት ወደ ላይና ወደ ታች ማወዛወዝ። እዚህ ላይ ምንም እንቅስቃሴ መኖር የለበትም። ካለ የውስጡ ኩሽኔታ ላልቷል።

ስድስተኛ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩትን የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች መመልከት። በዙሪያቸው የሚያብረቀርቅ የተፋተገ ብረት ከታየ አክስሉ ቦታውን እየለቀቀ ነው።

ዲፈረንሻሉን ለመፍረድ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ዲፈረንሻል ውድ ተከሳሽ ነው። ማስረጃው ሳይሟላ አይፈረድበትም። ያለቀ ዲፈረንሻል አብዛኛውን ጊዜ ከ«ኳ» በፊት ይዘምራል፤ በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ላይ «እ...ም» የሚል፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲነሳ ቃናው የሚለወጥ ድምፅ ያሰማል። «ኳ» ብቻ ካለና ምንም ዝማሬ ከሌለ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ቀጣዩ ምስክር ዘይቱ ነው። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው በላዩ የሚሰበሰበውን ይመልከቱ። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር የተለመደ መበላት ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ቁራጭ ወይም ስባሪ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ወንዝ ሲሻገሩ የሞቀው ዲፈረንሻል በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ የአየር መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ከተጎዳ በማኅተሞቹ በኩል ውኃ ይስባል። በክረምት ወደ ገጠር የሚመላለስ ሰው ይህን ልብ ይበል። ዘይቱ ሲሞላም ለዲፈረንሻል የተሠራ፣ በአብዛኛው «ጂ ኤል 5» የሚል መለያ ያለው ወፍራም ዘይት መሆኑን ያረጋግጡ። የመኪናው መጽሐፍ የሚለው የመጨረሻው ቃል ነው።

የመጨረሻው ማስረጃ ልኬት ነው። የዲፈረንሻሉ ትልቁና ትንሹ ጥርስ ሲገናኙ የሚተውት ክፍተት በመርፌ በሚሠራ መለኪያ ይለካል፤ በአዲስ መኪና ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ነው። «በእጄ ሳየው ሰፍቷል» የሚል ባለሙያ ልኬቱን እንዲያሳይዎት በትሕትና ይጠይቁት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የዲፈረንሻሉን የአንገት ዳዶ በኃይል የሚያጠብቅ አይጠፋም። በብዙ ዲፈረንሻሎች ከዳዶው ኋላ በተወሰነ ኃይል ሲጠብቅ የሚጨማደድ ቀለበት አለ። ከልኩ በላይ ከተጠበቀ ኩሽኔታው ይጨነቃል፣ ይግላል፣ ይቃጠላልም። ያልታመመው ዲፈረንሻል በሕክምናው ይሞታል ማለት ነው።

ስለ ፎር ባይ ፎር

ብዙዎቹ የሥራ ፒክ አፖች ፎር ባይ ፎር ሲገባ የፊቱንና የኋላውን ሻፍት አንድ ላይ ይቆልፋሉ። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። በጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተቻ ስለሌለው ኃይሉ በሻፍቶቹ ውስጥ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይከማቻል፤ ሲለቀቅም ከፍተኛ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ከጭቃ ከወጡ በኋላ የጀመረ ከሆነ መጀመሪያ ማብሪያውን ይመልከቱ፤ ፎር ባይ ፎሩን አልመለሱት ይሆናል። ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

በጥገናው ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሻፍቱ ከመፈታቱ በፊት በሁሉም መገጣጠሚያ ላይ በቀለም ወይም በቡጢ ብረት ምልክት ይደረግ። ክሮቼራ በማዕዘን ሲሠራ ዙሩን ወጥ አድርጎ አያስተላልፍም፤ በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሻፍቱ ማዶና ማዶ ያሉት ሁለቱ ክሮቼራዎች በትክክል ከተስተካከሉ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። ተንሸራታቹ ጥርስ በአንድ ጥርስ ተዛብቶ ከተገጠመ ግን «ኳ»ው ጠፍቶ በምትኩ መኪናው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። «ክሮቼራ ካስቀየርኩ ወዲህ ትንቀጠቀጣለች» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው።

ክሮቼራው ሲገባ በመዶሻ ብቻ ከተደበደበ አንዲት መርፌ ተገልብጣ ቆቡ ውስጥ ልትቀር ትችላለች። እንዲህ የተገጠመ አዲስ ክሮቼራ ዕድሜው አጭር ነው። በመጫኛ ማሽን ወይም ቢያንስ በጥንቃቄ በሞርሳ ቢገባ ይሻላል።

ግሪስም ልክ አለው። በክሮቼራው አሮጌው ግሪስ በአራቱም ቆብ በኩል እስኪወጣ ድረስ ይሞላል። በተንሸራታቹ ጫፍ ግን ሻፍቱ መርዘም ሲጀምር ወዲያው ማቆም ነው፤ ከልክ በላይ የታጨቀ ግሪስ መንሸራተቻ ቦታውን ዘግቶ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ይገፋል። መጠገኛ የሌለው የተደፈነ ክሮቼራ ካለዎት ደግሞ ግሪስ መሙያ ስለሌለው ሲደርቅ መቀየር ብቻ ነው።

በአገራችን ጭነት ለማብዛት ባሌስትራ መጨመር የተለመደ ነው። ኋላው ከፍ ሲል የሻፍቱ ማዕዘን ይለወጣል፤ ክሮቼራውም ከታሰበለት በላይ ይደክማል። ባሌስትራ ካስጨመሩ በኋላ የመጣ ድምፅ ከሆነ ይህን ለመካኒኩ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

መንዳት የሚቆመው መቼ ነው?

ትንሽ «ኳ» ነገ ጋራዥ እስኪደርሱ ሊታገሥ ይችላል። ሦስት ነገሮች ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም፦ በእጅ የሚወዛወዝ ክሮቼራ፣ የጎደለ ወይም የላላ የሻፍት ቡሎን፣ በፍጥነት እየጨመረ የሚሄድ ንዝረት። ሻፍቱ በፊት ጫፉ ከተበጠሰ ወደ መሬት ወርዶ አስፋልቱን ሊወጋ፣ የፍሬን ቱቦውን ወይም የነዳጅ መስመሩን ሊቆርጥ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ አደጋም አለ። የኋላ ጎማ በሚነዳው መኪና ማርሽ አስገብቶ ማቆምም ሆነ የአውቶማቲኩ «ፒ» የሚይዙት ሻፍቱን እንጂ ጎማውን አይደለም። ሻፍቱ ከተለየ ማርሹ ምንም አይይዝም፤ መኪናው ቁልቁል ይሄዳል። የእጅ ፍሬን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዳገት ላይ ሲያቆሙም መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ከዚያ ማርሹን ያስገቡ። የመኪናው ክብደት በማርሹ ላይ ከተንጠለጠለ ሲነሱ የሚሰሙት «ኳ» የብልሽት ሳይሆን የአቆመዎት ሰው፣ ማለትም የእርስዎ የራስዎ ይሆናል።

ከጋራዡ ጋር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2610 ጀምሮ ስለ ሥራ ውል ይደነግጋል። መሠረቱ ሥራ ተቀባዩ በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ለመስጠት፣ አሠሪውም ዋጋውን ለመክፈል መስማማታቸው ነው። ውጤት የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። እኛ ግን ጋራዥ ሄደን የምንዋዋለው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ ስለ መቀየር ነው፤ «ዲፈረንሻሉን ቀይርልኝ» እንላለን። ተቀይሮ ድምፁ ካልጠፋ ጋራዡ «የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ» ቢል አፉን የምናስይዝበት ነገር የለንም። «ነዳጅ ስሰጥና ሳነሳ የሚሰማውን ድምፅ አጥፋልኝ» ብለን በአንዲት ወረቀት ላይ ካሰፈርን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር እመክራለሁ። ድምፁን መካኒኩ ራሱ መንገድ ላይ ሳይሰማው ምንም ነገር አይፈታ። ክፍተቱን በዓይንዎ ያሳይዎት። ከርካሹ ወደ ውዱ ይሂድ፤ ማለትም ቡሎን ማጥበቅ፣ ግሪስ፣ ክሮቼራ፣ የመሃል ኩሽኔታ፣ በመጨረሻ ዲፈረንሻል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይረከቡና ከሥራው በኋላ በያው መንገድ አብራችሁ ንዱ።

ይህ ሐቀኛውን መካኒክ የሚያስቀይም አይደለም። እኔን የገላገሉኝ ሰው ሳልጠይቃቸው አሮጌውን ክሮቼራ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጥተውኛል። አንዱ ጫፉ በመርፌዎቹ ልክ ተቆፍሮ ይታያል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው ወር እንደገና ወደ ደጀን ወረድን። ባለቤቴ በረሃውን በሙሉ ስትጫወት አለቀ።